እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ልጅ በጉልበቱ ይዳህ?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል ያገራችን ሰው። ጥሩ ተረት ነው፤ ለችኩል ልጓም፣ ተስፋ ለቆረጠ መጽናኛ ነው። ዛሬ ዛሬ ግን ተረቱ ከሽማግሌ አፍ ወጥቶ ቢሮ ገብቷል። አቤት ባይ በር ባንኳኳ ቁጥር «ጉዳዩ እየተጠና ነው»፣ «በዕቅድ ተይዟል»፣ «ለሚመጣው በጀት ዓመት ይታያል» እየተባለ የሚሰጠው መልስ ሲተረጎም ያው «እንቁላሉ አንድ ቀን መሄዱ አይቀርምና ታገሡ» ማለት ነው።

መንገድ ይታገሣል። ሕንፃም ይታገሣል። የሕፃን ልጅ አጥንት ግን አይታገሥም! በዕቅድ ቢያዝም ባይያዝም ያድጋል። ደጋፊ ካገኘ ቀጥ ብሎ፣ ካላገኘ ተጣሞ ያድጋል። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ የልጅ እግር ግን ሐምሌን አያውቅም።

የዛሬው ጉዳያችን መራመድ ስለተሳናቸው ወይም እየተራመዱ አካሄዳቸው ስለተዛባባቸው ሕፃናት ነው። «ኑሮው እሳት ሆኖ፣ ወጣቱ ሥራ አጥቶ፣ ሌላ ርዕስ ጠፋ ወይ?» የሚለን አይጠፋም። አልጠፋም። ነገር ግን ኑሮው እሳት የሆነበት ቤት ውስጥ የማይራመድ ልጅ ሲጨመር ምን እንደሚሆን የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነውና፣ የደረሰባቸውን ወክለን እንናገራለን።

ሐዋሳ የእግረኛ ከተማ ነች። መሬቷ ሜዳ፣ ጎዳናዋ ሰፊ ነው። አመሻሹ ላይ ከፒያሳ እስከ ገብርኤል፣ ከገብርኤል እስከ ሐይቁ ዳር የሚንሸራሸረውን ሕዝብ ቆሞ ያየ ሰው «እዚህ ከተማ መራመድ ያቃተው ልጅ የለም» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። አለ እንጂ! መሃል ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ሃምሳ ሜትር ገባ ብሎ፣ ከቆርቆሮ አጥሩ ጀርባ አለ። ሦስት ዓመት ሲሆነው እናቱ ታዝለዋለች። ስድስት ሲሆነውም ታዝለዋለች። ዘጠኝና ዐሥር ሲሞላው ጀርባዋ እምቢ ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ከጎዳናው ይጠፋል። ትምህርት ቤት አያየውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም አያየውም፣ ቆጣሪም ሲመጣ «ስንት ልጅ አላችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ አንዳንዱ ቤት ሳይቆጥረው ያልፋል። ያልተቆጠረ ልጅ ደግሞ በጀት የለውም።

መጀመሪያ የሚያደናግረንን እናጥራ። የልጅ እግር በእርግማን፣ በቡዳ ወይም በእናት ኃጢአት አይታሰርም። አንዱ ሲወለድ ታፍኖ፣ ወይም ገና በጨቅላነቱ ማጅራት ገትር ወይም የከፋ ቢጫ በሽታ ይዞት፣ ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ የሚሉት የአንጎል ጉዳት ደርሶበት ነው። ሌላው እግሩ ወደ ውስጥ ቆልመም ብሎ ተወልዶ ነው። ሦስተኛው የጀርባ አጥንቱ ሳይገጥም፣ ኅብለ ሰረሰሩ ተጋልጦ ተወልዶ ነው። አራተኛው ፀሐይ ሳይሞቅ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ በማደጉ አጥንቱ ለስልሶ ነው። አምስተኛው ደግሞ መቀመጫው ላይ አላግባብ በተወጋ መርፌ ነርቩ ተጎድቶ ነው። አባቶቻችን የሚያውቁት ልምሻ፣ ማለትም ፖሊዮ፣ በክትባት ኃይል ተገፍቶ አፍሪካ ከተፈጥሮ የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ታውጇል። ልምሻው ወደ ኋላ ሸሸ ማለት ግን ያነከሰ ልጅ ጠፋ ማለት አይደለም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። አምስቱም ልጆች ሲያዩአቸው «ያነክሳሉ»። ምክንያታቸው ግን አምስት ነው፤ መድኃኒታቸውም አምስት ነው። የቱ የቱ እንደሆነ የሚለየው ምርመራ አለ። ሐኪሞቹ «ጌት አናሊሲስ» ይሉታል፤ እኛ የአካሄድ ምርመራ እንበለው። ነገሩ ሲነገር ይከብዳል እንጂ ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ ተረከዝ መሬት ከነካበት ቅጽበት አንስቶ ያው ተረከዝ ተመልሶ መሬት እስኪነካ ድረስ ያለው አንድ ዙር ነው። ጤነኛ ሰው ከዚህ ዙር 60 በመቶ ያህሉን እግሩ መሬት ረግጦ፣ 40 በመቶ ያህሉን እግሩ አየር ላይ ሆኖ ያልፈዋል። ምርመራው በዚህ ዙር ውስጥ ዳሌው፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ እያንዳንዳቸው ምን እንደሚሠሩ፣ የቱ ቀድሞ የቱ እንደሚዘገይ፣ የቱ ጥፋተኛ የቱ ደግሞ የሌላውን ጥፋት ተሸካሚ እንደሆነ መለየት ነው።

ጥፋተኛና ተሸካሚ ስንል ዘበት አይደለም። በእግሩ ጣት እየቆመ የሚሄድ ልጅ እንውሰድ። ያየው ሁሉ «የተረከዙ ጅማት አጥሯል፣ ይቆረጥለትና ይርዘም» ይላል። የአንዱ ልጅ በእርግጥ ጅማቱ አጥሮ ይሆናል። የሌላው ግን ጅማቱ ደኅና ሆኖ፣ ጉልበቱና ዳሌው ስለታጠፉ ብቻ ተረከዙ ከመሬት የተነሣ ይሆናል። ለሁለተኛው ልጅ ተረከዙን ቢቆርጡለት ምን ይከተላል? ይዞት የነበረው ድጋፍ ይለቀቅና ልጁ ከጉልበቱ እየሰመጠ፣ እንደ ቁጢጥ ያለ ሰው ጎብጦ መሄድ ይጀምራል። ከነአካቴው መራመዱን ሊተወውም ይችላል። ሁለቱ ልጆች በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሲለኩ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ልብስ ሰፊ እንኳ ሳይለካ ጨርቅ አይቀድም። የልጅ ሥጋ ከጨርቅ ያንሳል ወይ?

በውጭው ዓለም ይህን የሚሠራው ቤተ ሙከራ ደህና ገንዘብ የፈሰሰበት ነው። በልጁ ቆዳ ላይ ብርሃን የሚመልሱ ትንንሽ ኳሶች ይለጠፋሉ፤ ዙሪያውን ካሜራዎች ይከታተሉታል፤ ወለሉ ውስጥ የተቀበረ ሚዛን የእርግጫውን ኃይል ይመዘግባል፤ የጡንቻው የኤሌክትሪክ ምልክትም ይነበባል። ከዚህ በፊት ሐኪሞቹ ዘንድሮ ተረከዝ፣ ከርሞ ጉልበት፣ ለሦስተኛው ዓመት ዳሌ እያሉ በየዓመቱ ይቀዱ ስለነበር፣ «ልጆቹ ልደታቸውን ሁሉ ሆስፒታል ነው የሚያከብሩት» እየተባለ በሙያው ውስጥ ይቀለድ ነበር። ልኬቱ ሲመጣ ግን የሚስተካከለውን ሁሉ አስቀድሞ አውቆ በአንድ ጊዜ መሥራት ተቻለ።

«እሱ ለሀብታም አገር ነው» የሚለውን መልስ ገና ሳይወጣ እንሰማዋለን። አይደለም። ትልቁ ቤተ ሙከራ ነገ ሐዋሳ ይቁም አላልንም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው የኤድንብራ የአካሄድ መመዘኛ ሴሬብራል ፓልሲ ላለባቸው ልጆች የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሚፈልገው ቪዲዮና የሠለጠነ ዓይን ነው። ለእያንዳንዱ እግር 17 ነጥቦችን እያየ ይመዝናል። ልጁ ጫማውን ያወልቃል፣ ቁምጣ ይለብሳል፣ ወለል ላይ በተሰመረ መስመር ይመላለሳል፤ አንድ ሰው ከጎን፣ አንድ ሰው ከፊትና ከኋላ ይቀርፃል። ከዚያ ቪዲዮው እየዘገየ፣ እየቆመ ይታያል። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ኦፕንካፕ የተባለውንና በሁለት ስልኮች ቪዲዮ የሰውነትን እንቅስቃሴ የሚለካውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2023 በሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። ሰርግ በሦስት ካሜራ የሚቀረፅበት ከተማ ውስጥ የአንድ ልጅ አካሄድ ለመቅረፅ አቅም ጠፋ የሚለን ማነው? የጠፋው ካሜራ ሳይሆን ሐሳቡ ነው።

ምርመራው ብቻውን ግን ልጅ አያራምድም። ከምርመራው ቀጥሎ መሣሪያው ይመጣል። ለአንዱ ቁርጭምጭሚቱን የሚይዝ የፕላስቲክ የእግር ድጋፍ፣ ለሌላው ዎከር፣ ለሌላው ክራንች፣ መራመድ ለማይችለው ደግሞ ልኩ የሆነ ዊልቸር። እዚህም ላይ ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛ፣ ልጅ ያድጋል። ባለፈው ዓመት የተሠራለት ድጋፍ ዘንድሮ ይጠበዋል፣ ይልጠዋል፣ ያቆስለዋል። «አንዴ ሰጥተነዋል» ማለት ለሕፃን አይሠራም፤ የአምናውን ጫማ ለልጁ የሚያጠልቅ ወላጅ የለምና። ሁለተኛ፣ መሣሪያ በልክ ካልሆነ ጉዳት ነው። ለአዋቂ የተሠራ ዊልቸር ላይ የተወረወረ የስድስት ዓመት ልጅ አከርካሪው ይጎብጣል፣ መቀመጫው ይቆስላል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ እንዳይሆን የዊልቸር አሰጣጥ መመሪያ ካወጣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ስንት ዓመት ሆነው? እኛ ዘንድ ግን በየዓመቱ ኅዳር 24 የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር ቲሸርት ይታደላል፣ ዊልቸር ተደርድሮ ካሜራ ፊት ይረከባል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል። «ለማን ልክ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይታይም።

መሣሪያ ሲጠፋ ሕክምናው ራሱ እንደሚጠፋ የቆልማማ እግር ነገር ያስረዳል። ከተወለዱ 1000 ሕፃናት አንዱ ያህል እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ፖንሴቲ የተባለው ሐኪም በአሜሪካ አዮዋ ያዳበረው ዘዴ ቀላል ነው፤ በየሳምንቱ እግሩን በእጅ እያቀኑ ጄሶ ማሰር፣ ብዙውን ጊዜም ከአምስት እስከ ሰባት ጄሶ በኋላ የተረከዙን ጅማት በትንሽ ቀዶ ማላቀቅ ነው። ከዚያ በብረት ዘንግ የተያያዘ ልዩ ጫማ ይከተላል። ለሦስት ወር ቀንና ሌሊት፣ ከዚያ ልጁ አራትና አምስት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ሲተኛ ይጫማዋል። ጄሶው ተፈትቶ ጫማው ከቀረ እግሩ ተመልሶ ይጣመማል። ይህን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሥራት እያለ ስምንት ዓመት ጠብቆ አጥንት መጋዝ ምን ይባላል? «ሳይቃጠል በቅጠል» ያለው ሰው ሞተ እንዴ?

እስከ ዛሬ ይህን ሸክም የተሸከመው ማነው? እውነቱን እንናገር፤ በአብዛኛው በጎ አድራጊ ነው። ቼሻየር እ.ኤ.አ. በ1962 መናገሻ ላይ ልምሻ የያዛቸውን ልጆች ይዞ ጀመረ፤ ቆይቶም ሐዋሳን ጨምሮ ወደ ክልሎች ወጣ። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በየማዕከላቱ ሰው ሠራሽ እግርና ድጋፍ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ሲያሠለጥንና ጥሬ ዕቃ ሲያቀርብ ኖረ። ኪዩር የተባለው የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ተከፍቶ የልጆችን አጥንትና መገጣጠሚያ ያክማል። ሁሉንም እግዜር ይስጥልን! ምስጋናችን ግን ጥያቄያችንን አያስቀረውም። ቀይ መስቀል ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ2023 ገንዘብ አጥሮት በዓለም ዙሪያ ሥራና ሠራተኛ ቀነሰ። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅቱን ዘጋ። ዋሽንግተን ወይም ጄኔቭ አንድ ፊርማ ሲፈረም የሐዋሳ ልጅ እግር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ያ እግር የራሱ አይደለም፤ የተዋሰው ነው። የሐዋሳ እናትስ ልጇን አዝላ 275 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ የምትመላለሰው እስከ መቼ ነው? ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ ምግቡ፣ የሚቀረው የቀን ሥራዋ በማን ይቆጠራል?

ሕጉ ጠፍቶ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት የአካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። ግዴታውን በአገሪቱ አቅም የምትወስን ሐረግ አለችበት፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተጠለሉባትም እሷው ሐረግ ነች። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ እንዲመቹ ደነገገ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀበለች። ወረቀቱ ሞልቷል። በወረቀት ላይ የሚራመድ ልጅ ቢኖር ኖሮ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያነክስ አይገኝም ነበር! የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት በዓለም ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ቢያንስ አንድ ድጋፍ ሰጪ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። በሀብታሞቹ አገሮች ከሚያስፈልጋቸው እስከ 90 በመቶው ሲያገኝ፣ በአንዳንድ ድሃ አገሮች የሚያገኘው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው።

አንድ የሚያከራክር ነገር አለና አንሸሸውም። «እናቶች በወሊድ እየሞቱ፣ ወባ እየፈጀን፣ ለአካሄድ ምርመራ ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው» የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ አንዱ ሌላውን አይጻረርም፤ በወሊድ ጊዜ የታፈነውን ሕፃን የሚያድነው አዋላጅ ያው ሴሬብራል ፓልሲን የሚቀንሰው አዋላጅ ነው። ሁለተኛ፣ ዝም ማለትም ዋጋ አለው። ልጁ ሳይማር ይቀራል፣ እናቱ ሥራዋን ትተዋለች፣ እህቱ ጠባቂ ሆና ከትምህርት ትቀራለች። ከአንድ የፕላስቲክ ድጋፍ ጋር ሦስት ሰው ይመዘን፤ የቱ ነው ቅንጦቱ?

ሐዋሳስ ምን ጎደላት? ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል መዲና ነች። የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አላት፣ የምህንድስና ተማሪ አላት፣ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አላት። ቧንቧ አጣጥፎ አልጋ የሚሠራ በያጅ ዎከር አይሠራም ወይ? ቦርሳ የሚሰፋ ባለሙያ የድጋፉን ማሰሪያ አይሰፋም ወይ? ለዓለም ገበያ ሸሚዝ የሚሰፋበት ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀባት ከተማ ለራሷ ልጆች አንድ ወርክሾፕ ማቆም አቃታት ቢባል ማን ያምናል?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ማንኛውም ሕፃን ሲወለድና ለክትባት ሲመጣ እግሩ፣ ዳሌውና ጀርባው ይታይ፤ ይህ እጅና ዓይን እንጂ ማሽን አይፈልግም። ሁለተኛ፣ በሆስፒታል ውስጥ አንድ ክፍል፣ ወለሉ ላይ አንድ መስመር፣ አንድ ካሜራና የሠለጠነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይኑር፤ ማንም ልጅ አካሄዱ ሳይቀረፅና ሳይመዘን ለአካሄዱ ተብሎ በቢላዋ አይነካ። ሦስተኛ፣ የልጆች ድጋፍ መሣሪያ በክልሉ በጀት ውስጥ የራሱ መስመር ይኑረው፤ የጤና መድኑም መሣሪያውን፣ ልጁ ሲያድግም ቅያሪውን እንዲሸፍን በግልጽ ይጻፍ። አራተኛ፣ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ጎን መወጣጫ ይሠራ፤ ክፍሉ ከደረጃ በላይ ከሆነ የተራመደውም ልጅ ደጅ ይቀራል።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። ልጁን አትደብቁት። ወጌሻ ዘንድ የምትሄዱት ቅርብ ስለሆነና ስለሚያናግራችሁ ነው፤ ይገባናል። ነገር ግን አጥብቆ የታሰረ እግር ደም አጥሮት እስከ መቆረጥ እንደሚደርስ እወቁ፤ ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያው ያኔውኑ ይፈታ፣ ልጁም ወደ ሐኪም ይሂድ። ጠበል ትወስዱ እንደሆነም ውሰዱት፤ ሐኪሙን ግን አታስቀሩበት።

ኢትዮጵያ በእግሯ የታወቀች አገር ነች። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ሲያሸንፍ ዓለም ስማችንን ጠራ። ያው አበበ በ1969 በመኪና አደጋ ከወገብ በታች መንቀሳቀስ ሲሳነው አገሩ አልተወውም፤ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፣ በዓመቱም በዊልቸር ሆኖ በቀስት ተወዳደረ። ሕክምናና ልኩ የሆነ መሣሪያ ያገኘ ሰው ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም። ጥያቄው አንድ ነው፤ በዚህ አገር እግር የሚባለው የጀግና እግር ብቻ ነው ወይ?

ባለሥልጣኖቻችን ሆይ! የዛሬ ሦስት ዓመት ልጅ «ለከርሞ» ስትሉት አራት ይሆናል፤ ደግማችሁ «ለከርሞ» ስትሉት አምስት። አንድ ቀን በጀቱ ሲፈቀድ የምታገኙት ልጅ ሳይሆን አጥንቱ የጠነከረ፣ ጉልበቱ የተቆለፈ ጎልማሳ ነው። ያን ጊዜ ገንዘቡ ቢኖርም እግሩ የለም። እንቁላሉን ተዉት፤ ልጁ ይሂድ!

ልብ ያለው ልብ ይበል።